አጎቴን የፈለግሁባቸው አራት ቀናት

አጎቴ ሹሩባ መሥራት የተማረው በእኔ ምክንያት ነው። እናቴ ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። እሱ የእሷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሚስት አላገባም፣ የሚኖረውም በጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ ባለችው የባቡር ጣቢያ ከተማ፣ በአይሻ፣ ምድር ባቡር በሰጠው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ዘመዶቻችን ተሰብስበው ልጅቷን ማን ይውሰዳት ሲባባሉ "እኔ ጋ ትምጣ" ያለው እሱ ብቻ ነው ይሉኛል። ወንደላጤ ሴት ልጅ እንዴት ያሳድጋል ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ወሰደኝ።

አይሻ ሙቀትና ንፋስ ነው። አጎቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ስለነበር ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጎህ ሲቀድ ይወጣና ረፋዱ ላይ ይመለሳል። እጁን በነጭ ጋዝ አጽድቶ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ጉልበቱ መሃል ያስቀምጠኝና ፀጉሬን ያበጥራል። መጀመሪያ ላይ ሥራው አያምርም ነበር። ጎረቤቶቻችን የሶማሌ ሴቶች ስለነበሩ ባዩኝ ቁጥር ይስቃሉ። አንድ ቀን እነሱ የተቀመጡበት ጥላ ሥር ሄዶ ቁጭ አለና በሶማልኛ "እንግዲያው አስተምሩኝ" አላቸው። አስተማሩት። ዕድሜውን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ጣቱ ፀጉሬ ላይ ሲሆን እንዴት ቀስ እንደሚል! ትምህርት ቤት ማን ሠራሽ ሲሉኝ "ጋሼ" እላለሁ፤ ማንም አያምነኝም ነበር።

አድጌ መምህርነት ተምሬ ጅጅጋ ተመደብኩ። ባቡሩ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ሲቆም አጎቴን እዚያ ብቻውን መተው አልሆነልኝም፤ ሄጄ በአንድ ሻንጣና በአንድ ፍራሽ አመጣሁት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደህና ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የግመል ወተት ከምትሸጠው ጎረቤታችን ጋር በር ላይ ተቀምጠው በሶማልኛ ሲያወሩ እሰማለሁ። እሷ "አዴር" ትለዋለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው። እኔን ደግሞ "ዋላል" ትለኛለች፣ እህቴ።

ከዚያ አንድ ምሽት ራት ሳቀርብለት በእናቴ ስም ጠራኝ። አፉን ያዳለጠው መስሎኝ አለፍኩት። ቀጥሎ ሸሚዙን ገልብጦ ይለብስ ጀመር። ቀጥሎ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ "ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ጫማዬን አምጪልኝ" ማለት አመጣ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "የእርጅና ነው፣ እየባሰባቸው ነው የሚሄደው። ብቻቸውን እንዳትተዪያቸው" አለኝ። እንዳትተዪያቸው! ጠዋትም ከሰዓትም የማስተምር ሰው ነኝ። ሠራተኛ ቀጠርኩ፤ በስድስተኛው ቀን ፈርታው ሄደች።

ስለዚህ ቆለፍኩበት። ይህቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ምግብና ውሃ አስቀምጬለት፣ የግቢውን የቆርቆሮ በር ከውጭ ቆልፌ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቴ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ።

"ዋላል፣ አዴር ያለቅሳል። በሩን በሁለት እጁ እየመታ ያለቅሳል። ሰው እንዲህ አይደረግም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አልኳት።

"ዋላሂ፣ እኔም አላውቅም" አለች።

ትርፍ ቁልፍ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ወተቷን ሸጣ ስትጨርስ እየገባች ታጫውተው ነበር።

የፈተና ሰሞን ነው። አንድ ቀን ቤት ስገባ ገና ያላረምኳቸውን የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀቶች በሙሉ ባልዲ ውስጥ ነክሮ በሳሙና ሲያሽ አገኘሁት። "የሥራ ልብሴ ቆሽሾ ነው፤ ባቡሩ ሳይመጣ ላድርስ ብዬ" አለኝ። ውሃው በቀለም ሰማያዊ ሆኗል። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም።

"ባቡር የለም! ባቡሩ አልቋል! ሥራም የለህም! አንተም አልቀሃል፣ እኔንም ጨረስከኝ!"

እጁ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀም። በጣም በትህትና፣ እንግዳ ሰው እንደሚያናግር፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ። ሳላውቅ ነው ቤትዎ የገባሁት። ነገ እሄዳለሁ" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ያን ሁሉ ከተናገርኩት በኋላ እንደ እስረኛ ቆልፌበት መሄድ ደግሞ አቃተኝ። ጎረቤቴ ትገባለች ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። እሷ ግን የዚያን ቀን ለቅሶ ቤት ሄዳ ኖሯል። በምሳ ሰዓት ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር።

ባጃጅ ይዤ ጅጅጋን ዞርኳት። ሆስፒታል ገባሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ አመለከትኩ። ጎረቤቴ መስጊድ ሄዳ በድምፅ ማጉያ አስነገረችልኝ፤ በቤተ ክርስቲያንም ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ አስታወቁልኝ። በሁለተኛው ቀን መናኸሪያ ውስጥ በስልኬ ላይ ያለውን ፎቶውን ሳሳይ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ቀረብ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ትናንት ቶጎጫሌ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ጠረፍ ሄጄ ባቡር እይዛለሁ ሲሉ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ" አለ።

በእሱው መኪና ቶጎጫሌ ሄድኩ። ጭነት መኪና፣ አቧራ፣ የሰው ጫጫታ፤ በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ሽማግሌ ማን ልብ ይላል? ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ግን ልብ ብላለች።

"ሻይ ጠጣ፣ መረቀኝ። አይሻ በየት በኩል ነው አለኝ። እኔም በእጄ አሳየሁት" አለችና ባሳየችበት እጇ አፏን ያዘች። "ሩቅ ነው ብዬዋለሁ እኮ። እግሬ ጠንካራ ነው አለኝ።"

እሷ ያመለከተችው አቅጣጫ ሜዳና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ቀን ውሃ በሚያመላልስ ቦቴ መኪና ላይ ተሳፍሬ ያገኘሁትን እረኛና ያገኘሁትን መንደር ሁሉ ጠየቅሁ። ፀሐይዋ ከተነሳች ጀምሮ ሌላ ነገር አላስብም፤ ውሃ ይዞ ይሆን? ኮፍያ አድርጎ ይሆን? እያልኩ ብቻዬን አወራለሁ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ውሃ ሰጠኝ፤ ለጋሼ ይሆናል ብዬ አስቀመጥኩት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ስልክ ቁጥሬን ትቼላት የነበረችው ሻይ ሻጭ ደወለችልኝ። ከብት የሚጠብቁ ሴቶች ግራር ሥር ወድቆ አግኝተው፣ ወተት በጨርቅ እያንጠባጠቡ አጠጥተውት፣ በግመል ጭነው አንዲት መንደር ጤና ኬላ አድርሰውታል።

ስደርስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አጠገቡ ተንበረከክሁና "ጋሼ" አልኩት። በአማርኛ አልመለሰልኝም። ሶማልኛው ብቻ ነበር የቀረው።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ በሶማልኛ።

"ያንተ ነኝ" አልኩት እኔም በሶማልኛ።

"የእኔ ልጅ ትንሽ ናት" አለ። "ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል። ሰው ላኩላት። ብቻዋን ስትሆን ትፈራለች።"

"ተልኮላታል" አልኩት። "መጥታለች ጋሼ፣ ቤት ገብታለች።"

አመነኝ መሰለኝ ዓይኑን ጨፈነ። የጤና ባለሙያዋ ግሉኮስ ሰክታለት "እዚህ ከዚህ በላይ አቅም የለኝም፣ ጅጅጋ ሆስፒታል ካልደረሱ አይተርፉም" አለችኝ። ፒክአፕ ተገኘ። ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በነጠላዬ ፀሐዩን እየከለልኩ ጉዞ ጀመርን። የሹፌሩን መስኮት እየደበደብኩ "ፍጠን! በእናትህ ፍጠን!" እለዋለሁ።

"እህቴ፣ መንገዱ ጉድጓድ ነው። ብፈጥን የምጎዳው እሳቸውን ነው" አለኝ። "ትንሽ ታገሺ፣ አስፋልት ስንገባ እበርልሻለሁ።"

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እንዳለውም በረረ። ያን ጊዜ አጎቴ መተንፈስ አቁሞ ነበር። ለሹፌሩ አልነገርኩትም። ብነግረው ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ቀስ ካለ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እስከ ጅጅጋ ሆስፒታል በር ድረስ አልነገርኩትም።

ቀበርነው። የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፣ መምህራኑ መጡ፣ የሰፈሩ ሶማሌዎችም በሙሉ መጥተው ተቀመጡልኝ። ሁሉም አንድ ቃል ይላሉ፤ "አረፈ"። አላረፈም። በዚያ ፀሐይ ሲንከራተት፣ እግሩ ደም እስኪሆን ሄዶ የሞተ ሰው እንዴት ነው አረፈ የሚባለው? ያንቺ ጥፋት አይደለም ይሉኛል፤ የጮህኩትን አልሰሙ፣ የቆለፍኩትን አላዩ። ሌሎቹ እንዳንቺ ያለች የት ትገኛለች ይሉኛል፤ እሱን ስሰማ ተነስቼ እወጣለሁ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ጎረቤቴ ብቻዋን መጣች። በር ላይ ተቀመጥን።

"እውነቱን ንገሪኝ" አልኳት። "እኔ ነኝ የገደልኩት?"

አይደለሽም እስክትለኝ ጠበቅሁ።

"እንጃ ዋላል" አለች። "እኔም የዚያን ቀን ወደ ለቅሶው ሳልፍ በራችሁ ገርበብ ብሎ አይቼ ነበር። ስመለስ እገባለሁ ብዬ አለፍኩ።"

ከመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ያልዋሸችኝ እሷ ብቻ ናት።