የማድ ቤቱ ግድግዳ ጽጌረዳ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሄለን ከጉርድ ሾላ ደወለችልኝ። መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች መካከል ቆማ ነበር፤ ከድምፅዋ ይልቅ የታክሲ ረዳቶቹ ጥሪ ጎልቶ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ ቼክ አድርጊው። ግድግዳ ላይ የሚወጣ ጽጌረዳ ነው። ቀዩ ይሻላል ሮዙ?»

የካ አባዶ አዲስ የገባችበት ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ነው። ከሳሎኗ መስኮት ፊት ለፊት አንድ የተላላጠ ግድግዳ አለ፤ ገና ዕቃዋን ሳታወርድ ነው በእሱ ማማረር የጀመረችው። እኔ ግን የአበባውን ቀለም ትቼ «ግድግዳው ፀሐይ የሚያገኘው በየትኛው ወር ነው?» አልኳት።

«ወር? እማዬ ደግሞ! ጥላ ነው፣ በቃ። ሰውዬው እየጠበቀኝ ነው እኮ።»

«ዛሬ እንዳትገዢ። ቤት ነይና እነግርሻለሁ» አልኳት። በረጅሙ ተነፈሰችና ስልኩን ዘጋችው። እኔ ዘንድ ምክር ሊጠይቅ የደወለ ሰው ወሬ ሳይሰማ እንደማይለቀቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ስልኩን አስቀምጬ ሽሮዬን ማማሰል ቀጠልኩ፤ ልቤ ግን የካ ሚካኤል፣ የእናቴና የአባቴ ግቢ ገብቶ ቀረ።

ያ ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሰው ቤት ጋር በሚጎራበትበት አቀበት ላይ ነበር። ሁለት ቤት ነበረን፤ ትልቁ የምንኖርበት፣ ትንሹ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ያለው ማድ ቤት። የእናቴ መኝታ ቤት መስኮት የሚያየው የማድ ቤቱን ጀርባ ነው። ጭቃው የተሰነጣጠቀ፣ ጥላሸት የወረደበት፣ ዶሮ እንኳ የማይጠጋው ግድግዳ ነበር። እናቴ ደህና ሆና ከወዲያ ወዲህ ስትል ማናችንም ልብ ብለነው አናውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ በመጋቢት ጭቃ፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አዳልጧት ወደቀችና እግሯ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄደች፣ ጀሶ ታሰረላት፣ ሰኔ ሲጠባ ጀሶው ተፈታ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየና «አጥንቱ በደንብ ገጥሟል። ከእንግዲህ መድኃኒታቸው መራመድ ነው» አለን። ክራንች ይዘን ቤት ገባን።

እናቴ ግን አልተነሳችም። መጀመሪያ «ነገ» ትል ነበር። ከዚያ ነገ ማለቱንም ተወችው። ክራንቹ ከአልጋው ራስጌ እንደተደገፈ አቧራ ለበሰ። የወደቀችበት ድንጋጤ ከአጥንቷ አልፎ ሌላ ቦታ ገብቶ ነበር መሰለኝ፤ ስናነሳት ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ በላብ ትጠመቃለች። በስፌት መኪናዋ የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ታለብስ የነበረች ሴት ፊቷን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙራ ትውል ጀመር። ምግብ ቀነሰች። ሐኪሙ ለአባቴ ለብቻው «እንዲህ ተኝተው ከከረሙ እግራቸው ይከዳቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ቢፈልጉም አይነሱም» ብሎት ኖሮ፣ አባቴ ነገረኝ። እኔም ያን ክረምት እናቴን ቆማ ሳላያት የምቀር መስሎኝ በጣም እፈራ ነበር።

አባቴ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ጫጫታ ሲሰማ ስለሚውል ነው መሰል ቤት ሲገባ አፉን አይከፍትም። አንድ ቀን ግን እናቴ እንደ መቃዠት ብላ «ዘንድሮ ጽጌን በአልጋ ላይ ላሳልፈው ነው» ስትል ሰማት። ወርኃ ጽጌ፣ ያ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው የአበባ ጊዜ፣ የእናቴ የራሷ ወቅት ነበር። ጾሙን ማንም ሳያስገድዳት ትጾመዋለች፤ ከማኅሌቱም አንድ እሑድ ቀርታ አታውቅም። አባቴ በእረፍት ቀኑ በርጩማ ይዞ ወጣና ግድግዳው ፊት ተቀምጦ ዋለ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ፀሐይዋን እያየሁ ነው። ይኸው ሙሉ ቀን አለች። ጽጌረዳ እንተክላለን። እሷ ወደ አበባው ካልሄደች አበባው ወደ እሷ ይምጣ።»

በማግስቱ ችግኝ ልንመርጥ አብረን ሄድን። ነጭ አለ፣ ቢጫ አለ፣ የስኒ አፍ የሚያህል ደማቅ ቀይም አለ። ሻጯ «ግድግዳው ፀሐይ አለው?» ስትለው አባቴ በኩራት «ሙሉ ቀን!» አላት። ቀዩን መረጥን። ችግኙን በሚነዳው አውቶብስ ሞተር አጠገብ አስቀምጦ ሲያመጣው ተሳፋሪው ሁሉ «ሾፌር፣ ሙሽራዋ የት ነው የምትወርደው?» እያለ ሲያሾፍበት መጣ። እሱም ለወትሮው የማይስቀው ሰውዬ ስቆ ነበር።

ክረምቱን ጽጌረዳው ተመዘዘ። አባቴ ሽቦ ወጠረለት፣ ፍግ አለበሰው፣ እስከ ቆርቆሮው ጠርዝ ደረሰ። እናቴ በመስኮቱ አንዴ አየችውና «አድጓል» ብላ ፊቷን መለሰች። መስከረም ጠባ፤ ሜዳው አደይ ለበሰ፤ የእኛ ጽጌረዳ ግን አንድ እንቡጥ እንኳ አልያዘም። ይባስ ብሎ ከመስቀል በኋላ ቅጠሉ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። አባቴ ውሃ ይጨምርለታል፣ አመድ ይነሰንስለታል፣ ይለምነዋል። ጽጌ ገባ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እና በጥቅምት አንድ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ፣ ከቅጠሉ መካከል አንድ ቀይ ጽጌረዳ ወለል ብሎ ፈክቷል።

«እማዬ! አበበ! አበበልሽ!»

እናቴ ዞረች። ከስንት ጊዜ በኋላ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ብዙ ቆየች እያየችው። ከዚያ አጥሚቷን እስከ ጭላጩ ጠጣች፤ እኔ ኩባያውን ይዤ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሌላ አበባ ጨመረ፤ ይኸኛው ግን ሮዝ ነበር። ውሃ ላጠጣ ስወርድ ቀረብ ብዬ አየሁት። የአበባው ዘንግ በቢላ የተቆረጠ ነው፣ ከጽጌረዳው ቅርንጫፍ ጋር በጥቁር ክር ታስሯል፤ ክሩም ከእናቴ የስፌት ሳጥን የወጣ ነው። ዞር ስል አባቴ የሥራ ልብሱን ለብሶ ከኋላዬ ቆሟል።

«ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «እያየች ነው።»

ለካ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ አውቶብሱ ከሚያበቃበት ቦታ ካሉት አበባ ሻጮች ይገዛና፣ በኮቱ ሥር ደብቆ ያስገባና፣ ማድ ቤት በር ላይ ባለው ባልዲ ውስጥ ያሳድረው ኖሯል። ጎህ ሲቀድ ያስረዋል። ሻጮቹ የሚያስተርፉለት ደግሞ የተገኘውን ነው፤ ስለዚህ ጽጌረዳችን አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ነጭ፣ አንድ ቀን ቢጫ ማበብ ጀመረ። ጎረቤታችን እትዬ ራህማ፣ ባለሱቋ፣ እናቴን ልትጠይቅ የባቄላ እሸት ይዛ ስትገባ በመስኮቱ አየችና «ኧረ ጉድ! የናንተ ጽጌረዳ ልብስ ይቀያይራል እንዴ?» አለች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እትዬ ራህማ እሱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ወዲያው ገባት። «አይ፣ አለ እንዲህ ዓይነት» አለች ረጋ ብላ እሸቱን እየፈለፈለች። «ደሴ አክስቴ ቤት ነበር። ዘሩ ብርቅ ነው።» አላህ ይስጣት፣ እንዲያ ያለ ጎረቤት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

እንዲህ ስንል ሰነበትን። እናቴ መብላት ጀመረች፣ ፀጉሯን እንዳበጥርላት ጠየቀች። መነሳት ግን የለም። አንድ ከሰዓት፣ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንድቀመጥ ጠራችኝ።

«አባትሽ ነገ ምን ዓይነት ያመጣ ይሆን?» አለችኝ።

ክው አልኩ። እሷ ሳቀች። ከመጋቢት ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር።

«አውቀሻል?»

«ጽጌረዳ እንቡጥ ሳይዝ ያብባል እንዴ? ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«በመጋረጃው ቀዳዳ አየዋለሁ እኮ፣ ሲያስር። ያን የሚያህል አውቶብስ የሚያዞር ሰውዬ፣ አንዲት ክር መቋጠር አቅቶት ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ሲታገል! እሱን ለማየት ነው በጠዋት የምነቃው።» ይህንን እያለች ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «እንዳትነግሪው። እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

ከዚያ ስለ ጽጌረዳው ነገረችኝ። «እሱ ምንም አላጠፋም። እናንተ በሰኔ ፀሐይ መርጣችሁት ነው። በክረምቱ ፀሐይ ከእንጦጦ ወገን ትሆንና ያንን ግድግዳ ፊት ለፊት ታየዋለች። ከመስቀል በኋላ ማድ ቤቱን ተሻግራ ወደ ወዲያኛው ትዞራለች፤ እስከ ሚያዝያ ተመልሳ አታየውም። በጽጌ የሚያብብ ነገር ለዚያ ግድግዳ ስትመርጡ የጽጌን ጥላ ነበር ማየት። እኔ ከመጋቢት ጀምሮ ተኝቼ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? እናንተ ስትወጡ ዞሬ ግድግዳውን ነው የማየው።»

እሷን መጠየቅ ለእኔም ለአባቴም በሐሳባችን አልመጣም ነበር። «ምን ይሻላል ታዲያ?» አልኳት።

«ቀጋ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀጋ ለእኔ ልብስ የሚቀድ የዱር እሾህ ነው፤ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል እንጂ ማን ሰው በመስኮቱ ፊት ይተክለዋል? እሷ ግን «ቀጋም ጽጌረዳ ነው» አለች። «ልጅ ሆነን እንጦጦ ስንወጣ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ገደል ጥግ እንኳ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነጭ በነጭ ሆኖ እናገኘው ነበር። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። እሱን አምጡልኝ።»

አባቴ መጀመሪያ «ሰው ይስቅብናል» አለ። «እማዬ ናት የፈለገችው» ስለው ግን ዶማውን አነሳ። እሷ አንድ ነገር መፈለጓ ራሱ ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ላይ ወጣን። ዝናቡ አልፎ አየሩ ጠርቷል፤ መንገዱ ላይ የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ስንረግጠው ይሸታል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ከአንዲት ሴት ትኩስ የገብስ ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ሄድን። ከጫካው ጠርዝ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቀጋው ጥድ ላይ ተጠምጥሞ አገኘነው። ጥቂት አበባ ቀርቶበት ነበር። ከሥሩ የበቀለውን ልጁን ለመንቀል አባቴ በባዶ እጁ ገባበት፤ እኔ ስጮህበት «ምንም አይል» ይላል። ሲወጣ ሁለት እጁ በደም ተሸነታትሯል።

ማታውን እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና እሾሁን አንድ በአንድ በመርፌ አወጣችለት። እሱ እጁን ሰጥቷት ተቀምጧል፤ ጣቶቹ አብጠው መታጠፍ አቅቷቸዋል። ማናቸውም ስለ አበባ አላነሱም። እኔ ግን በባልዲው ውስጥ አንድ ነጭ ጽጌረዳ እያደረ መሆኑን አውቃለሁ፤ በዚያ እጅ እንዴት ሊያስረው እንደሆነ ሳስብ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ጎህ ሲቀድ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጣውላው ላይ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይመታል። የክራንች ድምፅ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሮጬ ልወጣ አልኩና አንድ ነገር ያዘኝ፤ በመስኮቱ አየሁ። እናቴ በሌሊት ልብሷ፣ ነጠላ ደርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ነጩን ጽጌረዳ ከቅርንጫፉ ጋር አስራ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።

አባቴ ወደ ባልዲው ሲመጣ ባዶ ሆኖ አገኘው። ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ፈለገ። ቀና ሲል አያት።

«እጅህ እስኪድን እኔ አስራለሁ» አለችው።

አባቴ ባልዲውን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ፣ ሳቀ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። እኔም ሄጄ መሃላቸው ገባሁ።

የጽጌ የመጨረሻ እሑድ እናቴ በአንድ ጎን ክራንቹን፣ በሌላ ጎን አባቴን ይዛ ያንን ቁልቁለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረደች። ቀዩን ጽጌረዳ ፀሐይ ወደሚያገኘው አጥር አዛወርነው፤ እዚያ ደልቶት ኖረ። በእሱ ቦታ የተከልነው ቀጋ ሥር እስኪሰድ ጊዜ ቢወስድም በኋላ የማድ ቤቱን ግድግዳ እስከ ጣሪያው አለበሰው። የሳቁብን ሰዎችም እየመጡ ቁራጭ ይጠይቁን ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በእግሯ ሄዳ፣ የልጅ ልጅ አዝላ፣ ከአባቴ ጥቂት ቀድማ አረፈች።

ሄለን እሑድ መጥታ ይህንን ሁሉ ነገርኳት። ስልኳን ሳትነካ ሰማችኝ፤ ይህ በእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ «እሺ፣ እስከ መጪው ዓመት ግድግዳዬን አያለሁ» አለችኝ። ትመልከት፤ አያስቸኩልም።

እግዚአብሔር በሕይወቴ ብዙ ሰጥቶኛል፤ ትምህርት፣ ሥራ፣ ደግ ባል፣ ልጆች። ማታ ጸሎቴን ስጨርስ ለሁሉም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የማመሰግነው ግን ስለዚያ ጠዋት ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሰው ለሰው ብሎ እንዴት እንደሚነሳ በመስኮት አይቻለሁ።