ደባርቅን «እግዜር ያጥናሽ» ያሰኘች ካባ

የልብስ ስፌት መምህራችን «ለመመረቂያችሁ ሦስት ልብስ ትሠራላችሁ፤ ከስልክ የቀዳ ይወድቃል» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። «መንገድ ዳር ቁሙና ሰው እዩ። ጥናት ማለት እሱ ነው።»

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍሁ፣ ስሜ ሲጠራ እንኳ አንገቴን የምደፋ ልጅ ነኝ። ሳይናገሩ ማየት ግን እችልበታለሁ። እንዲህ የሚመቸኝ የቤት ሥራ ታዝዤ አላውቅም። ካለፍሁ ደባርቅ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ሴት ከጎኗ ልታሠራኝ ቃል ገብታልኛለች፤ ከወደቅሁ ወደ በየዳ፣ ወደ ቤተሰቦቼ መመለሴ ነው።

በገበያ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ተቀምጬ ሴቶቹን አየሁ። አንዱ እጃቸው ዕቃ ይይዛል፤ ሌላው ነጠላ ሲይዝ ይውላል። ነፋሱ ከተራራው በወረደ ቁጥር ነጠላው ከትከሻ ይሸሻል። አንዷማ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ያመለጠቻትን ዶሮ ታሳድድ ነበር። ያን ጊዜ ሐሳቡ መጣልኝ፦ አንገት ላይ በክር የሚታሰር፣ ሁለቱንም እጅ ነፃ የሚያደርግ የነጠላ ካባ።

ሁለቱን ልብሶች፣ ቀሚሱንና የልጅ ኮቱን፣ ቶሎ ጨረስሁ። ካባው ላይ ግን ተራቀቅሁ። የክሩን መግቢያ ጥለቱ ባለበት ጠርዝ ሰፋሁት፤ ጥለቱ ጠንከር ስለሚል ክሩን ይችላል። ደግሞም ቀዩና አረንጓዴው አንገት ላይ ሲሰበሰብ ያምራል። መምህራችንም ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ አይተው «ጥሩ ነው» አሉኝ።

ለብሶ መታየት ለእኔ አይሆንም። አብራኝ ተከራይታ የምትኖረውን የዳባት ልጅ ለመንኋት። እሷ ደግሞ ለመታየት የተፈጠረች ናት፤ ካባውን ደርባ በዋናው መንገድ ላይ ወጣች። እኔ ከኋላዋ ራቅ ብዬ ተከተልሁ።

መጀመሪያ አንድ ባጃጅ አጠገቧ ሲደርስ ሙዚቃውን አጠፋ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ብድግ ብላ «ውይ! እግዜር ያጥናሽ እቴ!» አለቻት። ጓደኛዬ የአድናቆት መስሏት አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነች። ቀጥሎ አንድ ቄስ አስቆሟት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ማን ዐረፈባችሁ?»

«ማንም አልሞተ አባ። ፋሽን ነው።»

«ታዲያ ፋሽኑ ማንን ቀብሮ መጣ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ጥለቱ ከታች ከሆነ ደኅና ነው፤ ተዘቅዝቆ ወደ ትከሻ ከወጣ ግን ሐዘን ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጠረጴዛ ላይ ግን ጨርቅ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ላይና ታች የለውም።

«አንች! በቁሜ ለቅሶ አስቀመጥሽኝ እኮ!» አለች ጓደኛዬ ቤት ስንገባ፣ በሳቅ እየተንፈራፈረች። እኔ ግን ማልቀስ ነበር የቀረኝ፤ ምረቃው ነገ ነው። መቀሱን አንስቼ ስፌቱን ልተረትር ስል የቤታችን ባለቤት መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ካባውን አገላብጠው አዩት።

«እኔኮ ለቅሶ ስሄድ እስከ ሰፈሩ ድረስ ደኅና ለብሼ ነው። እዚያ ስደርስ አዘቀዝቃለሁ፤ ስመለስ እገለብጣለሁ። ይህ የእኛ ብርድ ደግሞ እስክገለብጥ መች ይታገሠኛል?»

መቀሱን አስቀመጥሁት። የጥለቱን ክር እንዳለ ትቼ በሌላው ጠርዝ ሁለተኛ መግቢያ ሰፋሁ፤ ሁለተኛ ክርም አስገባሁ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጓደኛዬ ካባውን ለብሳ ወጣች፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

«በይ አስረጅ» አሉኝ መምህራችን።

መናገሩ ሲጨንቀኝ ወደ ጓደኛዬ ሄጄ ክሩን ፈታሁ፤ ካባውን ገለበጥሁና በሌላው ክር አሰርሁላት። ጥለቱ ወደ ታች ወረደ። ጓደኛዬ ሁለት እጇን አንሥታ ዞር ዞር አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ከወደ ጥግ እልልታ ተከተለ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አሉ መምህራችን።

«ከመንገድ።» ይህችው ናት ንግግሬ።

«አልፈሻል።»

የቤታችን ባለቤት ከኋላ ወንበር ተነሡ። «ልጄ፣ ለእኔም ስፊልኝ! በጥለቱ በኩል ያለውን ክር ግን አታስገቢ፤ ሐዘኑ ይቅርብኝ!»