አጎቴ «ተከሳሹ» የተባለ ጊዜ

ከአገራችን ርቀን ንቲንዳ በሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ፋኖሱን ለኩሳ፣ ሲግሪ የሚሉት ምድጃ ላይ የቀረው የከሰል ፍም አመድ ሲለብስ፣ አያታችን አባባ ከአባታቸው የሰሙትን የወሎ ሙግት ያወሩልናል። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛው ዘንድ እስኪደርሱ አብረው ይጓዙ ነበር አሉ፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላውም ይቀመጣል፣ የአንዱን ስንቅ ሌላውም ይቀምሳል። «መንገድ ላይ ታርቀው የተመለሱት ስንቶች ናቸው» ብለው ይስቃሉ። አባቴና ታናሽ ወንድሙ ሰይድም ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረዋቸው ይስቁ ነበር። አባቴ አጎቴን «ሰይዶ» እንጂ በሙሉ ስሙ ጠርቶት አያውቅም።

በኋላ ናኪቩቦ ገበያ አብረው የከፈቱት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ለማን ይሁን በሚል ተጣሉ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። አባቴ ከሰሰ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰይዶ የሚባል ሰው ጠፋ። እራት ላይ አባቴ «ተከሳሹ ዛሬም መልስ አላቀረበም» ይላል፣ ስለማያውቀው ሰው እንደሚያወራ። እኔ አፍሬ ሳህኔን አያለሁ።

በቀጠሮው ቀን አባባ እኔን ይዘው ፍርድ ቤት መጡ። ኮሪደሩ ላይ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አንዱን ጫፍ በአባቴ ክንድ፣ ሌላውን በአጎቴ ክንድ ቋጠሩ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። መጀመሪያ ያፈርኩት በአባባ ነበር። አጎቴ ክንዱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ቆመ። አባቴ ግን «አባባ፣ እባክዎ፣ ሰው እያየን ነው» አለና፣ በአንድ እጁ አልሆንለት ሲል ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው። ያኔ በአባቴ አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፍርዱ በሚሰጥበት ዋዜማ መብራት ጠፋ። ታናሽ እህቴ አውሩልን ብላ ለመነቻቸው። አባባ «ከሳሹም ልጄ፣ ተከሳሹም ልጄ። እኔ በዚህ ሙግት ማን ልባል?» አሉ። አባቴ እዚያው ተቀምጧል፤ ሲያቀረቅር አይቼዋለሁ። ሲነጋ ግን ኮቱን ለብሶ ሄደ፣ ረታም።

ዛሬ ሰው «አባትሽ ሱቁን አስመለሰ አይደል» ሲለኝ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ። አባባ ከዚያ በኋላ ያን የወሎ ሙግት አንድም ቀን አላወሩልንም። ብንለምናቸው «ረስቼዋለሁ» ይሉን ነበር። ምን ይረሳሉ፤ አፍረውብን ነው።