የሱዳንን ጊዜ የምትቆጥረው ሰዓቴ

መተማ ድንበሩ ላይ ካለ ሱቅ የገዛኋት ስማርት ሰዓት አንድ ክፉ አመል አለባት። የእርሻችን ዳር ስደርስ ስልኬ የሱዳንን ኔትወርክ ይይዛል፤ እሷም ስልኩን ተከትላ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመለሳለች።

ይህን ሳላውቅ ነው የሰሊጥ አጨዳው የደረሰው። ሠራተኞቹን ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ የማሳርፈው እኔ ነበርሁ። ያን ቀን ፀሐዩ አናት ሲበሳ ሰዓቴን አየሁና «ገና አምስት ነው፣ በርቱ!» ብዬ ጮህሁ። ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው እግራቸው ሥር የተሰበሰበውን ጥላቸውን አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይኸ ሰዓትህ የማን አገር ነው?»

እኔ ግትሩ ጥላውን ትቼ ሰዓቷን አመንሁ። ብዙም ሳይቆዩ ሽማግሌው ተንገዳግደው ተቀመጡ። አፈርሁ። ውኃ አጠጣኋቸውና የልብ ምትም ስለምትቆጥር ሰዓቷን ፈትቼ እጃቸው ላይ አሰርሁላቸው፤ ልባቸው እንደሚሮጥ ሰው ልብ ይመታል።

«ድካም ነው፣ ተወኝ» አሉ። ጥላ ሥር ብዙ ካረፉ በኋላም ቁጥሩ አልወርድ አለ። ያን ጊዜ ነው በትራክተር ጭኜ ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ ያደረስኋቸው። ወባ ነበር። ሳይጠናባቸው ደረስንላቸው፣ ተመስገን። ያችን ውሸታም ሰዓት ልወረውራት አስቤ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

ሽማግሌው ድነው ወደ ማሳው ተመልሰዋል። አሁን ምሳ መድረሱን የምጠይቀው እሳቸውን ነው። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት፣ ማጭድ ከማንሳታቸው በፊት፣ እጃቸውን ለሰዓቷ ይዘረጉልኛል።