ቶው ትራክ በአማርኛ ምን ይባላል

ፌርፋክስ ላይ ጠዋት ጠዋት ፉል የምንበላበት ቤት አለ። የጠረጴዛችን አንጋፋ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ሰሞን አማርኛችን ተበላሸ ብለው ሕግ አወጡብን። ሲያወራ የእንግሊዝኛ ቃል ያመለጠው ሰው ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ከመጣሁ ድራይቭ አደረግሁ እንጂ ነድቼ አላውቅም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ አፌን ዘግቼ በላሁ።

አንድ ቀን በመስኮት ሳይ ቶው ትራክ የጋሼን መኪና በሰንሰለት እያሰረ ነው።

«ጋሼ፣ መኪናዎን ሊወስዱት ነው» አልኩ።

«ማነው የሚወስደው?»

«ጎታቹ።»

«ጎታችማ በሬ ነው» አሉ ጋሼ፣ ዳቧቸውን ፉሉ ውስጥ እየነከሩ። «መኪና የሚጎትት መኪና ምን ይባላል?»

አንዱ ተሸካሚ ነው አለ። ሌላው የፊት ጎማውን ብቻ ካነሳ ተሸከመ አይባልም ብሎ ተከራከረ። እኔ ተስፋ ቆርጬ በጣቴ ወደ ውጭ አሳየሁ።

«በጣት ማሳየት ቋንቋ አይደለም» ብለው ተቆጡኝ።

በመጨረሻ «መኪና አንሺ» በሚለው ተስማማን። ጋሼ በቃሉ ረክተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። መኪናው የለም።

ተከታትለን ወጣን። ጋሼ ቀይ የተቀባውን፣ መኪና ማቆም የተከለከለበትን የመንገድ ጠርዝ ትክ ብለው አዩት።

«ፓርክ ያደረግሁት እዚህ ነበር» አሉ። «ቶው አደረጉኝ።»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላቸው።

«ጋሼ» አልኩ እኔ፣ «የኔ ሻይ ያለ ስኳር ይሁን።»