ከልጁ ቀድሞ የመጣ ስም

ልጄ ሜሮን ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች አካባቢ ካለ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ታይታ በዚያው ወደ እኔ መጣች። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ። እኔ የታየኝ ጥቁርና ነጭ ጉም ብቻ ነው፤ እሷ ግን «ይኸውልሽ አፍንጫ፣ ይኸውልሽ ተረከዝ» እያለች ታስጎበኘኛለች። ወንድ ይሁን ሴት እንዳይነግራቸው እሷና ባሏ ሐኪሙን ለምነዋል።

«ስለዚህ ማሚ፣ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም ፈልጊልን» አለችኝ። «አሁን እንደዚህ ነው ፋሽኑ።»

ፋሽኑ ስትል ሳቄ መጣ። የዛሬ ልጆች ሁሉም ነገር ከነሱ ጋር የተወለደ ይመስላቸዋል። ሻይ ላፈላላት ተነሣሁና ውኃው እስኪፈላ ድረስ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ልቤ አየር ጤና ሄዷል፤ እህቴ አስቴር ወደተከራየችው ቤት፣ ወደዚያ ክረምት።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅ፣ ከእህቴ ቤት ዳቦ እየበላሁ ምክር የምሰጥ ልጃገረድ ነበርኩ። ባሏ ግርማ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው መኪና ሲያስቸግረው ብቻ ነው እያልን እናማው ነበር። እናቱ እማማ ወርቄም ከሰበታ በኩል መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እኔና እህቴ ጴንጤ ሆነን ያደግን ነን፤ ግርማም ሲያገባት ወደኛ መጣ። እማማ ወርቄ ግን ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን ሳይሳለሙ ቁርስ የሚባል ነገር አያውቁም። በጾም ቀን እኛ እንቁላል ስንጠብስ በሩን ዘግተውብን ይወጣሉ፣ ማታ ደግሞ ከሽሯቸው ያጎርሱናል። እንደዚያ ነበር የምንኖረው።

አስቱ ከዚያ በፊት ሁለት ወልዳለች። አንደኛው ለማታ አልደረሰም፤ ሁለተኛዋ አድራ ጠዋት ሄደች። ስም አልነበራቸውም። በእማማ ወርቄ ወግ ስም የሚወጣው በክርስትና ነው፤ በእኛም ቢሆን ልጁ ጠንከር ብሎ ቤተ ክርስቲያን ቀርቦ እስኪጸለይለት ድረስ ማሙሽ ወይም ሚጡ ተብሎ ይቆያል። እነሱ ለዚያ አልበቁም። ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ «ገና ልጅ ሳይባል ነው እኮ፣ ተመስገን በይ» ይላታል። ለደግ ብሎ ነው። እሷ ግን ያንን በሰማች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር።

ሦስተኛውን ስታረግዝ ቤት ውስጥ ማንም ስለ ሆዷ አያወራም። ልብስ አልተገዛም፣ መጠቅለያ አልተዘጋጀም። እየገፋ ሲመጣም እንዳላየ ማለፍ ነው። ሐምሌ ላይ በአንዱ ረቡዕ የሰፈሩ የጸሎት እህቶች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ጸሎቱ አልቆ በዳቦ ሻይ እየጠጣን ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የምንነጋገረው እየጮኽን ነበር። በመሀል ጋብ ሲልልን አስቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ስም አምጡልኝ» አለች።

«የምን ስም?» አሉ እትዬ ሮማን፣ ጸሎቱን የሚመሩት ሴት።

«የልጄን። ሁለቱን ምን ብዬ እንደማለቅስላቸው እንኳ ሳላውቅ ነው የቀበርኳቸው። ይሄ ግን ስሙን ሳይሰማ አይሄድም። ከዛሬ ጀምሬ ልጠራው ነው። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፤ ለሁለቱም የሚሆን ስም ስጡኝ።»

እማማ ወርቄ ከጥግ ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰበሰቡ። «ሳይወለድ አይጠራም፣ ኢንታላ ኮ» አሉ በለሆሳስ፤ ልጄ ማለታቸው ነው በኦሮምኛ። «የተጠራ ነገር ክፉም ይሰማዋል።»

«እማማ፣ ሁለቱን ሳይጠሩም ሰምቷቸዋል» አለች አስቱ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም።

እትዬ ሮማን ደፈር ብለው «ደስታ» አሉ። እውነትም ደስታ የሚባል ወንድም ሴትም በየሰፈሩ አለ። አስቱ ራሷን ነቀነቀች፤ «ነገ ባለቅስስ? በስሙ ላይ ልዋሽበት ነው?» ሌላዋ «ስንታየሁ» አለች። «ያየሁትን እኔ አየሁት፣ እሱን አላሸክመውም» አለች አስቱ። አንዷ ደግሞ «እንግዳ» ስትል አስቱ ፈገግ አለች፤ «እንግዳ ይሄዳል እኮ።» እኔም አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩና ሁለት ሦስት ዘመናዊ ስም ጣል አደረግሁ፤ ማንም አላነሣልኝም።

በዚህ መሀል ግርማ ከጋራዥ ገባ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። በረንዳው ላይ በሳሙና ዱቄት እጁን እየፈተገ ሁሉንም ሰምቶት ኖሮ፣ ፊቱን ሳያዞር «በረከት» አለ።

አስቱ ጠበቀችው። እሱም ለመኪና ከሚያወራው በላይ ማውራቱን ያመነ አይመስልም፤ እጁን እያደራረቀ ቀጠለ። «ቢቆይም በረከት ነው። ቢሄድም... በረከት ነበር እንላለን። ውሸት አይሆንብንም።»

እህቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔ ደግሞ እዚያው ዳቦዬን እንደያዝኩ ደነገጥኩ። ስም ማለት ለእኔ እስከዚያ ቀን ደብተር ላይ የሚጻፍ ነገር ነበር። አንድ አባት የማያውቀውን ልጅ፣ ሊያጣው የሚችለውን ልጅ፣ እንዲህ እጁን እየታጠበ በሙሉ ልቡ ሲቀበል አይቼ አላውቅም። ሰው ይህን ያህል ትልቅ መሆን ይችላል እንዴ ብዬ ፈራሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ አስቱ ጠዋት ስትነሣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «በረከት፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች። አንተ ብትል ለአንዱ ማድላት ሆነባት፣ አንቺ ብትል ለሌላዋ፤ ስለዚህ እርስዎ አለችው። መጀመሪያ ስንስቅ ሰነበትን። ቀስ በቀስ ግን ተጋባብን። እኔ በቆሎ ጠብሼ ሳቀርብላት «በረከትም ይቅመሱ» እላለሁ። የጋራዡ ልጆች በበራችን ሲያልፉ «በረከት፣ ደህና ዋሉ?» ብለው ጎንበስ ይላሉ፤ እነዚያ ለሽማግሌ እንኳ መንገድ የማይለቁት። እቤታችን ውስጥ ከሁላችንም የሚበልጥ ሰው ያለ መሰለኝ። እማማ ወርቄ ብቻ አንድ ቀን እንኳ ስሙን አልጠሩም። «የሆድሽ እንዴት ነው?» ነው የሚሉት፣ ያውም እያማተቡ። ጥላቻ እንዳልነበረ በኋላ ነው የገባኝ፤ ከሁላችንም በላይ የፈሩት እሳቸው ነበሩ።

ምጡ የመጣው ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ በሚያነድበት፣ ኅዳር በሚታጠንበት ቀን ነው። ጤና ጣቢያው ድረስ ጭሱ ተከትሎን ገባ። አስቱን አስገብተው እኔን፣ ግርማንና እማማ ወርቄን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተዉን። ከጠዋት ጀምሮ ድምፅዋ በበሩ በኩል ይሰማናል፤ በምጧ መሀል «በረከት፣ በረከት» ትላለች። ግርማ ባርኔጣውን በጉልበቱ መሀል ይጨምቃል። ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ እየደከመ መጣ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

አዋላጇ ነርስ ብቅ ብላ «ኃይሏ አልቋል፣ ጸልዩ» ብላን ተመለሰች። ግርማ ለመነሣት ሞከረና መልሶ ተቀመጠ። እማማ ወርቄ ናቸው የተነሡት። ነጠላቸውን አስተካክለው ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ትልቅ ሰው ደጅ እንደሚጠኑ ሆነው በሩ ፊት ቆሙ። እኚያ ትልቅ ትንሹ እርስዎ የሚላቸው ሴት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በረከት» አሉ፣ ጮክ ብለው። «እናትዎ ደክሟታል። እኔ አያትዎ ነኝ የምጠራዎት። ይምጡ።»

ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። የሳቀ አልነበረም። እማማ ዳግመኛ ጠሩ፣ ሦስተኛም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ከዚያ ውስጥ የአስቱ ድምፅ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ አንድ ጊዜ ረዥም ሆኖ ተሰማ። ቀጥሎ የሕፃን ለቅሶ።

በረከት በጥሪው ነው የመጡት አልልም። ነርሷም የሠራችውን ሠርታለች፣ እህቴም የታገለችውን ታግላለች። ግን ያን ጊዜ ሰውነቴን የወረረኝ ነገር ዛሬ ስጽፈውም ይወረኛል።

ነርሷ ስትወጣ እማማ ወርቄ ወንድ ነው ሴት ብለው አልጠየቁም። «በረከት ደህና ናቸው?» አሉ። ነርሷ ግራ ገብቷት «ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት» አለች። በደንቡ ለወንድ እልልታው ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል። እማማ ደንቡን ትተው ትንፋሻቸው እስኪቆረጥ አስነኩት።

በረከት ዛሬ የራሷ ትዳር ያላት ሴት ናት። እማማ ወርቄ ካረፉ ቆይተዋል፤ እስኪያርፉ ድረስ የልጅ ልጃቸውን ማንም ሳይስቅባቸው እርስዎ እያሉ ነበር የሚጠሯት።

ይህን ሁሉ ለሜሮን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነገርኳት። እሑድ ዕለት ከባሏ ጋር ተመልሳ መጣች፤ አስቱም እኔ ቤት ነበረች። ጎመን በአይብ በልተን እንደጨረስን ሜሮን ባሏን አየት አደረገችና፣ «አክስቴ፣ አንድ ስም መርጠናል» አለች። «ዛሬ ጠዋት ብቻችንን ሆነን ጠራነው። ትንሽ አፈርን።»

«አሁን ጥሪው» አለች እህቴ።

ሜሮን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ጠራችው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እስኪመጡ ድረስ የቤተሰቡ ነው። እኔ ያየሁት እህቴን ነው። ጉልበቷ ካስቸገራት ሰንብቷል፤ ለመነሣት ጠረጴዛውን መያዝ አለባት። ያዘችው። ልክ አንድ ትልቅ ሰው በበሩ እንደገባ ሁሉ ብድግ አለችና «ኖር» አለች።

የሜሮን ባል ምን እንደሚመለስ አያውቅም፤ እሱም ግን ቆመ። እኔም ተነሣሁ።