የኔአለም ሱቅ የሞላ ዕለት

የኔአለም ባሏን ፈንታሁንን ተከትላ ከጎንደር መቀሌ የገባችው ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። መሃል ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ የድንጋይ ቤት ገዝተው ጨርቅ መሸጥ ጀመሩ። ፈንታሁን ሲለካ እጁ የማይሰስት ሰው ነበርና ደንበኛው ከሰሜን ክፍለ ከተማም፣ ከተማው ዳር ካለችው ከቁሓም ይመጣለት ነበር። እሱ ሲሞት ገበያውም አብሮት ሞተ፤ ሰዉ ወደ አዳዲሶቹ ፎቆች ዞረ። እሷ ግን፣ ወይ የኔአለም፣ በየማለዳው በሩን ትከፍታለች፣ ባዶውን መደርደሪያ ትወለውላለች፣ ሲመሽ ትዘጋለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ታድራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ያያል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ገበና ነዋ።

በ2009 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት መጣ። መሃል ከተማ ውስጥ ንግድ ያቆሙ ሱቆችን መኖሪያ ቤት ለሚያደርጉ ባለቤቶች የማሠሪያውን ወጪ እንደሚሸፍን ተሰማ። ልጇ ራኬብ ባሏ ሞቶባት ከልጆቿ ጋር ቁሓ ተከራይታ ስትኖር አከራይዋ ልቀቂ ብሏት ነበር። ሱቁ ተከፍሎ ሁለት ክፍልና ማድ ቤት ቢወጣው ራኬብ ከነልጆቿ እናቷ ጉያ ትገባለች። ካልሆነ ያላት መድረሻ ውቅሮ፣ የባሏ ዘመዶች ዘንድ ነው። የኔአለም ሌላ የምትለምነው ነገር አልነበራትም፤ ስለቷም ጸሎቷም ይኸው ሆነ።

አመለከተች፤ የቀረው የድርጅቱ ሰው መጥቶ ሱቁ የማይሠራ መሆኑን ማየት ብቻ ነው። የኔአለም ግን እርዳታ ጠየቅሁ ብላ ከምትናገር ሞቷን ትመርጣለች። ፊት ለፊቷ ጨርቅ ለሚሸጠው ለሽማግሌው ለገብረተንሳኤ፣ «ሐሙስ ሱቁን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች አሉ» ብቻ አለችው። ምናለ ትንሽ ብትጨምርበት ኖሮ።

ገብረተንሳኤ ንግድ ፈቃዷን ሊነጥቋት ነው ብሎ ደነገጠ። በዚያ ሰፈር እንግዳ የመጣበት ቤት ወንበር ከጎደለው ወንበር ይገባለታል፣ ብርጭቆ ካነሰው ብርጭቆ፤ እንግዳው ሲሄድ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ሐሙስ ጠዋት እሷ ቅዳሴ ላይ ሳለች ነጋዴውን አስተባበረ። ሁልጊዜ እሱ ዘንድ በምትተወው ቁልፍ ከፍተው መደርደሪያውን በጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ሞሉት።

ስትመለስ ከድርጅቱ የተላከችው መሐንዲስ፣ ሉላ የምትባል ወጣት፣ በሩ ላይ ቆማለች። የኔአለም ወደ ውስጥ አየች። ፈንታሁን በሕይወት ሳለ እንደነበረው ነው፤ ቀዩም ነጩም በየቦታው። እውነት ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አላት።

«ኣደይ፣ እናቴ የኔአለም፣ ሱቁ ይሠራል እንዴ?» አለች ሉላ ግራ ተጋብታ።

«እንዴታ» አለ ገብረተንሳኤ፣ እሷን ቀድሞ። «ከእሷ የበለጠ ነጋዴ ማን አለ?»

የኔአለም አፏን ከፈተች። ነጋዴው ሁሉ መንገዱ ዳር ተሰብስቦ ያያታል፤ በሸክሙ ያላበው ፊታቸው ገና አልደረቀም። አይደለም ብትል ሽማግሌውን በሰው ፊት ውሸታም ማለቷ ነው። ራኬብ ትዝ አለቻት።

«አዎ ልጄ፣ ይሠራል» አለች።

ሉላ አዝና ሄደች። አመሻሹ ላይ ሰዉ እየሳቀ ጨርቁን ወደየሱቁ መለሰ። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኛ እያለን አትዋረጅም» አላት ገብረተንሳኤ። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሸኘችው። ከዚያ ለራኬብ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ «ለእነሱ ግን እንዳትነግሪብኝ» አለቻት። በሳምንቱ ራኬብ ልጆቿን ይዛ ውቅሮ ገባች።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ማለዳ የኔአለም በር ሳይከፈት ረፈደ። በዚያው ቁልፍ ከፍቶ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዋን አርፋ ያገኛት ገብረተንሳኤ ነው።

ለቅሶው ላይ ሽማግሌው ያን ሐሙስ ለለቀስተኛው አወራ። «ያን ቀን ባንደርስላት ኖሮ ሱቋን ይወስዱባት ነበር» አለ እንባውን እየጠረገ። ራኬብ ጥግ ተቀምጣ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ተነስታ ጉልበቱን ሳመች።

«እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አባቴ» አለችው።